ተፈልጋ የምትሰጥም መርከብ፦ የሰው ሠራሽ ሪፎች ዋጋ እንዴት ይሰላል?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1952 «ዩናይትድ ስቴትስ» የተሰኘችው የመንገደኞች መርከብ የአትላንቲክን ውቅያኖስ በ3 ቀን ከ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አቋርጣ በዘመኑ የነበረውን የፍጥነት ክብረ ወሰን ሰበረች። ርዝመቷ 302 ሜትር ነው፤ ሦስት የእግር ኳስ ሜዳዎች በቁመት ቢደረደሩ ከእርሷ እምብዛም አይበልጡም። እ.ኤ.አ. በ1969 ከአገልግሎት ተሰናበተች፤ ከ1996 ጀምሮም በፊላደልፊያ ወደብ ታስራ ዝገት ሲበላት ኖረች። በ2024 ግን ገዢ አገኘች። ገዢዋ በፍሎሪዳ ግዛት የሚገኘው የኦካሉሳ አውራጃ አስተዳደር ነው። አስተዳደሩ መርከቧን የገዛት ሊጠግናት ወይም ብረቷን አቅልጦ ሊሸጥ አይደለም፤ ሊያሰጥማት ነው። ለግዢው፣ ለጽዳቱና ለማስጠሙ ሥራ 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተመደበ። በየካቲት 2025 መርከቧ ለዚሁ ዝግጅት ወደ አላባማ ግዛት፣ ወደ ሞቢል ወደብ ተጎትታ ጉዞ ጀመረች።

አንድ የሕዝብ አስተዳደር ይህን ያህል ገንዘብ ባሕር ውስጥ የሚጥለው ምን አስቦ ነው? መልሱ በአጭሩ «ጠላቂ ቱሪስቶች እንዲመጡለት» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ይህ መልስ በራሱ ሌሎች ጥያቄዎችን ያስከትላል። ቱሪስቶቹ የሚያመጡት ገንዘብ የመርከቧን ወጪ ይተካልን? ትርፉስ ለማን ይደርሳል? የሰጠመው ብረት የተፈጥሮን የኮራል ሪፍ ከጉዳት ይታደጋል ወይስ ተጨማሪ ጠንቅ ይሆንበታል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በተጨባጭ ምሳሌዎች እየታገዝን እንመረምራለን።

በአሸዋ ላይ የሚቆረቆር ከተማ

ሪፍ ስንል ከባሕር ወለል ከፍ ብሎ የሚገኝ ቋጥኝ መሰል ጠንካራ አካል ማለታችን ነው። የኮራል ሪፍ የሚባለው ኮራል የተሰኙ ጥቃቅን እንስሳት ካልሲየም ካርቦኔት እያመነጩ በብዙ ሺህ ዓመታት የገነቡት ነው። ሰው ሠራሽ ሪፍ ደግሞ ሰው ሆን ብሎ በባሕር ወለል ላይ የሚያኖረው አካል ነው፤ የሲሚንቶ ቅርጽ፣ የድንጋይ ክምር፣ አሮጌ ድልድይ፣ ወይም እንደ ጀመርነው ታሪክ መርከብ ሊሆን ይችላል።

የባሕር ወለል ሰፊው ክፍል አሸዋና ጭቃ ነው። በአሸዋ ላይ ደግሞ ኮራል፣ ስፖንጅና ሌሎች ተጣብቀው የሚኖሩ እንስሳት ሊመሠረቱ አይችሉም፤ ሞገድ ሲመጣ መሠረታቸው ይናጋል፤ ደለሉም ያፍናቸዋል። በዚህ ሜዳ ላይ አንድ ጠንካራ አካል ሲቀመጥ ግን ሁኔታው ይለወጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባክቴሪያዎች የብረቱን ገጽ በስሱ ይሸፍኑታል፤ ቀጥሎ አልጌ ይበቅልበታል፤ ከዚያም በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ የበርናክል፣ የስፖንጅና የኮራል እጮች ማረፊያ ያገኛሉ። መርከቧ የውኃውን ጅረት ስለምታግደው አቅጣጫው ይቀየራል፤ ጅረቱ የሚያመጣውን ፕላንክተን ለመመገብ ትናንሽ ዓሦች ይሰበሰባሉ፤ እነርሱን ለማደን ትላልቆቹ ይከተላሉ። ክፍሎቿና መስኮቶቿም መደበቂያ ይሆናሉ።

ይህ ሁሉ ለጠላቂ ቱሪስት መስሕብ ነው። በአንድ ጥልቀት ዓሣውንም፣ ታሪኩንም፣ የመርከቧን ግዝፈትም ያገኛል። ከሰዓታት ጉዞ በኋላ የሚያየው ነገር አስቀድሞ የታወቀ መሆኑም ለጀልባ ባለቤቶች ይመቻቸዋል፤ ዓሣ ነባሪ ወይም ሻርክ በዕለቱ ላይገኝ ይችላል፤ የሰጠመች መርከብ ግን ከቦታዋ አትጠፋም።

የ«ስፒገል ግሮቭ» ፈተና

በዚህ ዘርፍ ብዙ ትምህርት ከተገኘባቸው መርከቦች አንዷ «ስፒገል ግሮቭ» ናት። 155 ሜትር ርዝመት ያላት ይህች የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1989 ካገለገለች በኋላ፣ በፍሎሪዳ ደቡባዊ ጫፍ በኪይ ላርጎ አቅራቢያ እንድትሰጥም ተወሰነ። አካባቢው በተፈጥሮ የኮራል ሪፎቹ የታወቀና ብዙ የጠለቃ ድርጅቶች የሚሠሩበት ነው።

ዕቅዱ በግንቦት 17 ቀን 2002 (እ.ኤ.አ.) መርከቧ ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ የሚል ነበር። እርሷ ግን ከታቀደላት ሰዓት አስቀድማ መስጠም ጀመረች፤ በላይዋ የነበሩ ሠራተኞችም በጥድፊያ ወረዱ። በመጨረሻም ተገልብጣ፣ አፍንጫዋ ከውኃው በላይ እንደታየ ቀረች። በሰኔ ወር ተጨማሪ ገንዘብ ወጥቶ ሙሉ በሙሉ ብትሰጥም ያረፈችው በጎኗ ነበር። ሰዎች ያልቻሉትን ያቃናው ተፈጥሮ ሆነ፦ በሐምሌ 2005 «ዴኒስ» የተባለው አውሎ ነፋስ ሲያልፍ ያስነሣው ኃይል መርከቧን አገላብጦ መጀመሪያ በታሰበላት አኳኋን ቀጥ አድርጎ አስቀመጣት። በ40 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለን ይህን የሚያህል ብረት ማዕበል ማንቀሳቀሱ ለመሐንዲሶች ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። የሰው ሠራሽ ሪፍ ንድፍ የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ሳይሆን ለዓሥርተ ዓመታት የሚመጣውን ማዕበል ያገናዘበ መሆን እንዳለበት ያሳያል።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን በመርከቧ ዙሪያ የተደረገው የኢኮኖሚ ጥናት ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ኢኮኖሚስት በሆኑት በቦብ ሊወርዚ የተመራው ቡድን መርከቧ ከመስጠሟ በፊትና ከሰጠመች በኋላ ምን ያህል ሰው ወዴት እንደሚጠልቅ መዘገበ። የጀልባ ባለቤቶች የዕለት መዝገብ ያዙ፤ የግል ጀልባዎችም በባሕሩ ላይ ተቆጠሩ። «ከመርከቧ በፊት» የሚለው መረጃ ባይኖር ኖሮ ቱሪስቶቹ በመርከቧ ምክንያት ይምጡ ወይም ድሮም የሚመጡ ይሁኑ መለየት ባልተቻለ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ውጤት ሁለት ነገሮችን አሳየ። አንደኛ፣ የጠላቂዎች አጠቃላይ ቁጥር ሲጨምር በዙሪያው ባሉት የተፈጥሮ ሪፎች ላይ የሚጠልቁት ግን ቀነሱ። ሁለተኛ፣ በአካባቢው የመዝናኛ ወጪ 2.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲጨምር 68 ያህል የሥራ ዕድሎች ተፈጠሩ። መርከቧን ለማዘጋጀትና ለማስጠም የወጣው ገንዘብ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደነበር ስናስታውስ ንግዱ በአጭር ጊዜ የተሳካ ይመስላል።

ሁለት ቁጥሮች፣ ሁለት ትርጉሞች

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ልዩነት ማብራራት ይኖርብናል። ስለ ሪፍ «ዋጋ» በሚነገርበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ።

የመጀመሪያው ወጪ ነው። ጠላቂው ለሆቴል፣ ለምግብ፣ ለጀልባና ለአየር ጋን ኪራይ የሚከፍለው ገንዘብ በአካባቢው ይዘዋወራል። የሆቴሉ ባለቤት ለሠራተኛው ይከፍላል፤ ሠራተኛው ከሱቅ ይገዛል። ይህ የገንዘብ ዝውውር የብዜት ውጤት ይባላል። ይሁንና ከገንዘቡ የተወሰነው ከአካባቢው ይወጣል፤ የጀልባው ነዳጅ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ የሆቴሉ ትርፍም በሌላ ከተማ ለሚኖር ባለቤት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ቱሪስቱ ያወጣው ገንዘብ በሙሉ የአካባቢው ገቢ ነው ማለት አይቻልም። በተጨማሪም ወደ ኪይ ላርጎ የመጣው ጠላቂ መርከቧ ባትኖር ኖሮ ወደ ጎረቤት አውራጃ ይሄድ የነበረ ከሆነ፣ ኪይ ላርጎ ያገኘችውን ጎረቤቷ አጥታለች። ለአውራጃው ትርፍ የሆነው ለአገሪቱ ዜሮ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ኢኮኖሚስቶች የተጠቃሚ ትርፍ የሚሉት ነው። ይኸውም አንድ ሰው ለአንድ ነገር ለመክፈል ፈቃደኛ በሆነበት የገንዘብ መጠንና በእርግጥ በከፈለው መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንድ ጠላቂ መርከቧን ለማየት እስከ 1,000 ዶላር ለማውጣት ፈቃደኛ ሆኖ ጉዞው 600 ዶላር ብቻ ቢያስወጣው 400 ዶላር የሚያህል እርካታ በነፃ አግኝቷል። ይህ ገንዘብ በማንም ካዝና ውስጥ አይታይም፤ ቢሆንም መርከቧ ለኅብረተሰቡ የሰጠችው እውነተኛ ጥቅም ነው።

የማይታየውን እንዴት መለካት ይቻላል? እ.ኤ.አ. በ1947 ሃሮልድ ሆቴሊንግ የተባሉት ኢኮኖሚስት ለአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በጻፉት ደብዳቤ ቀላል ግን ብልህ ሐሳብ አቀረቡ። የፓርክ መግቢያ ዋጋ ዝቅተኛ ቢሆንም ጎብኚዎች ከተለያየ ርቀት ስለሚመጡ የተለያየ የጉዞ ወጪ ይከፍላሉ። ከቅርብ ያለው ደጋግሞ ይመጣል፤ ከሩቅ ያለው አልፎ አልፎ ይመጣል። ወጪው ሲጨምር የጉብኝቱ ቁጥር ምን ያህል እንደሚቀንስ ከተመዘገበ የፍላጎቱን መስመር መሣል ይቻላል፤ ከመስመሩ በታችና ከተከፈለው ወጪ በላይ ያለው ስፋት ደግሞ የተጠቃሚው ትርፍ ነው። ይህ ዘዴ ዛሬ የጉዞ ወጪ ስሌት በመባል ይታወቃል።

ዘዴው በሰው ሠራሽ ሪፍም ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 17 ቀን 2006 «ኦሪስካኒ» የተባለችው የአውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ ከፔንሳኮላ ከተማ ወደ 39 ኪሎ ሜትር ርቃ በ65 ሜትር ጥልቀት ላይ እንድትሰጥም ተደረገ። በኮሪያና በቬትናም ጦርነቶች ያገለገለችው ይህች መርከብ በ37 ደቂቃ ውስጥ ከዓይን ተሰወረች። በ2009 ሞርጋን፣ ማሲና ሁት የተባሉ ተመራማሪዎች ጠላቂዎችን ስለ ጉዞዎቻቸው ጠይቀው ባወጡት ስሌት፣ የአንድ ሰው የአንድ ጉዞ ትርፍ ከ480 እስከ 750 ዶላር እንደሚደርስ ገመቱ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ

እነዚህን ቁጥሮች ይዘን ተማሪ ሁሉ በወረቀት ላይ ሊሠራው የሚችል ስሌት እናቅርብ። አንድን መርከብ ገዝቶ፣ አጽድቶ ለማስጠም 10 ሚሊዮን ዶላር ወጣ እንበል። ገንዘቡ በ20 ዓመት፣ በ5 በመቶ ወለድ እንዲመለስ ከተፈለገ መርከቧ በየዓመቱ 802,000 ዶላር ያህል ጥቅም መስጠት አለባት። የእያንዳንዱን ጉዞ ትርፍ ከላይ ባየነው ዝቅተኛ ግምት፣ ማለትም በ480 ዶላር ብንወስድ፣ በዓመት 1,672 ጉዞዎች ያስፈልጋሉ። ወለዱን ወደ 8 በመቶ ብናሳድገው ደግሞ የሚያስፈልገው ዓመታዊ ጥቅም ከ1 ሚሊዮን ዶላር ያልፋል፤ ጉዞዎቹም ወደ 2,120 ይጠጋሉ። በዓመት ውስጥ ባሕሩ ለመጥለቅ የሚመችባቸው 150 ቀናት ቢኖሩ በቀን 14 ሰው መሆኑ ነው። ይህ ለሁለት መለስተኛ ጀልባዎች የሚከብድ አይደለም።

ስሌቱ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ሆኖም ሦስት ጥንቃቄዎች ይሻል። የመጀመሪያው የ480 ዶላሩ ግምት በአንዲት እጅግ ታዋቂ መርከብ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው፤ ስም የሌላት ትንሽ መርከብ ያንን ያህል ልትስብ አትችልም። ሁለተኛው የተጠቃሚው ትርፍ ለጠላቂው እንጂ 10 ሚሊዮኑን ለከፈለው አስተዳደር የሚገባ አለመሆኑ ነው። አስተዳደሩ ወጪውን የሚተካው በግብርና በክፍያ ብቻ ነው። ሦስተኛው ጥልቀት ነው።

ስለ ሦስተኛው ጥቂት እንበል። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ የከባቢ አየር ግፊት መጠን ይጨምራል፤ በ40 ሜትር ላይ ጠላቂው የሚተነፍሰው አየር ከምድር ገጽ አምስት እጥፍ ግፊት አለው። ናይትሮጅን በደሙ ውስጥ በብዛት ስለሚሟሟ አእምሮን ያፈዝዛል፤ በፍጥነት ከወጣ ደግሞ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይፈጥራል። በዚህ ምክንያት 40 ሜትር ለመዝናኛ ጠለቃ እንደ መጨረሻ ወሰን ይቆጠራል። የ«ኦሪስካኒ» ላይኛው ግንብ ለብዙዎች የሚደረስበት ሲሆን ዝቅ ያለው ክፍሏ ግን ልዩ ሥልጠና ላላቸው ብቻ የተተወ ነው። መርከቧን 10 ሜትር ዝቅ አድርጎ ማስጠም በጥልቀት ረገድ ትንሽ ቢመስልም የደንበኞችን ቁጥር ይቀንሳል፤ በጣም ከፍ አድርጎ ማስጠም ደግሞ ለሌሎች መርከቦች ጉዞና ለማዕበል አደጋ ያጋልጣል።

በሒሳቡ ያልገባው ዕዳ

እስካሁን የቆጠርነው ጥቅሙን ነው። ዕዳውንም እንመልከት።

የድሮ መርከቦች ዘይት፣ አስቤስቶስና ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ይይዛሉ። ፒሲቢ በቀድሞ የኤሌክትሪክ ገመዶች ሽፋን ውስጥ ይገኝ የነበረ፣ በቀላሉ የማይበሰብስና በዓሦች ስብ ውስጥ እየተከማቸ በምግብ ሰንሰለቱ ወደ ላይ የሚወጣ ውህድ ነው። «ኦሪስካኒ»ን ለማዘጋጀትና ለማስጠም 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከወጣበት ምክንያት አንዱ ይህ የጽዳት ሥራ ነው። ይሁንና ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ፒሲቢ በመርከቧ አካል ውስጥ እንዳለ ቀርቷል። ጽዳቱ ርካሽ ሲሆን ትርፉ ያድጋል፤ ዕዳው ግን ወደ ባሕሩና ወደ ዓሣ ተመጋቢው ይዛወራል።

ከዚህ የከፋም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፎርት ላውደርዴል አቅራቢያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ አሮጌ የመኪና ጎማዎች ሪፍ ይሆናሉ ተብለው ወደ ባሕር ተጣሉ። ያሰሯቸው ማሰሪያዎች ዛጉና ተበጠሱ፤ ጎማዎቹም በማዕበል እየተንከባለሉ በአጠገባቸው ያለውን የተፈጥሮ ኮራል መቱት። ከ2007 ጀምሮ ወታደራዊ ጠላቂዎች ጭምር ጎማዎቹን እያወጡ ነው ያጸዱት። በርካሽ የተገዛ ሪፍ በውድ ተለቀመ።

የሰው ሕይወትም አለ። በመጋቢት 2007 በ«ስፒገል ግሮቭ» ውስጥ የገቡ ሦስት ጠላቂዎች መውጫው ጠፍቷቸው ሞተዋል። የመርከብ ውስጠኛ ክፍል በደለል ሲደፈርስ የራስን እጅ እንኳ ማየት ያስቸግራል። ጠላቂውን የሚስበው ምሥጢራዊነት ራሱ የሚያጠምደው ወጥመድ ሊሆን ይችላል።

ከሥነ ሕይወት አንጻር ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ አለ፦ በመርከቧ ዙሪያ የሚታየው ዓሣ በእርሷ ምክንያት የተወለደ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ የተሰበሰበ? የተሰበሰበ ብቻ ከሆነ ባሕሩ አልበለጸገም፤ እንዲያውም ዓሣው በአንድ ሥፍራ በመከማቸቱ ለአጥማጁ ተመቻችቶለታል። መልሱ እንደ ዓሣው ዝርያና እንደ ቦታው ይለያያል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከሌላ ባሕር የመጣው ወራሪው አንበሳ ዓሣ በሰው ሠራሽ ሪፎች ላይ በብዛት መገኘቱም መጠለያው ለወዳጅም ለጠላትም እኩል ክፍት መሆኑን ያስገነዝባል።

ከሁሉም በላይ መርከብ የኮራል ምትክ አይደለችም። ግዙፍ የኮራል ዝርያዎች በዓመት የሚያድጉት ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በጋ የፍሎሪዳን ባሕር ያጠቃው ከመጠን ያለፈ ሙቀት ብዙ ኮራሎችን አንጥቶ ገድሏል። የጠላቂዎችን እግር ከሪፉ ማራቅ መልካም ነው፤ የባሕሩን ሙቀት ግን የሰጠመ ብረት አይቀንሰውም።

ከቀይ ባሕር ዳርቻ

ጉዳዩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። ዮርዳኖስ ያላት የባሕር ጠረፍ 27 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በእሳት የተጎዳችው «ሴዳር ፕራይድ» የተባለች የጭነት መርከብ በአቃባ አቅራቢያ ሆን ተብሎ ሰጠመች፤ ዛሬም ከአካባቢው ታዋቂ የመጥለቂያ ሥፍራዎች አንዷ ናት። በ2019 ደግሞ አሮጌ ታንኮችና ሄሊኮፕተሮች በዚያው ባሕር ወለል ላይ ተደርድረው የውኃ ውስጥ የጦር ሙዚየም ተከፈተ። በማዶው በእስራኤል፣ በኤላት፣ በ2007 የተተከለው «ታማር» የተሰኘ ሰው ሠራሽ ሪፍ ዓላማው የተለየ ነበር፦ በጠላቂዎች ብዛት ከተጨናነቁት የተፈጥሮ ሪፎች ላይ ጫናውን ማቃለል። ሁለቱም ጎረቤታሞች ጠባብ ጠረፍ ይዘው አንድን ሀብት ሳይጨርሱ ለመጠቀም የሚሞክሩ ናቸው።

ይህ ዓላማ ይሳካ ዘንድ ግን አንድ ሁኔታ መሟላት አለበት። አዲሱ ሪፍ ከነባሮቹ ጠላቂዎች ከሚወስደው ይልቅ አዳዲስ ጠላቂዎችን ወደ አካባቢው የሚስብ ከሆነ፣ እነዚህ እንግዶች መርከቧን ባዩ ማግስት ወደ ተፈጥሮው ሪፍ መሄዳቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ለሆቴሉ ትርፍ የሆነው ለኮራሉ ኪሳራ ይሆናል። ስለዚህ ገቢውንና ጥበቃውን አንድ ላይ የሚቃኝ ክትትል ከመርከቧ መስጠም በፊት መጀመር አለበት፤ የ«ስፒገል ግሮቭ»ን ጥናት ከብዙ የማስታወቂያ ቁጥሮች የሚለየውም ይኸው ነው።

ማጠቃለያ

ካየናቸው ማስረጃዎች በመነሣት የሚከተለውን ማለት እንችላለን። በሚገባ የጸዳች፣ በተገቢው ጥልቀት የተቀመጠችና ብዙ ጠላቂ በሚደርስበት አካባቢ ያለች መርከብ ወጪዋን መመለስ ትችላለች። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ግን ሪፍ ተብላ የተጣለች ቆሻሻ ትሆናለች። ውሳኔ ሰጪዎች «ስንት ሚሊዮን ታስገባለች?» ከማለታቸው በፊት «ለማን ታስገባለች? ዕዳውንስ ማን ይከፍላል?» ብለው ቢጠይቁ ይበጃል።

እኛ የባሕር ጠረፍ የሌለን ብንሆንም ዘዴው ለእኛም ይሠራል። የአዋሽን ፓርክ፣ የላንጋኖን ሐይቅ ወይም የሰሜን ተራሮችን የሚጎበኝ ሰው በመግቢያው በር ላይ የሚከፍለው ትኬት ለቦታው የሚሰጠውን ዋጋ በሙሉ አይነግረንም። ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንዳወጣና በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ የሚጠይቅ አንድ ገጽ መጠይቅ ግን ብዙ ይነግረናል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ የኢኮኖሚክስና የባዮሎጂ ተማሪዎች መጠይቁን ይዛችሁ ከፓርኩ በር ላይ ብትቆሙ፣ ሆቴልና መንገድ ከመሠራቱ በፊት የነበረውን መረጃ ለሚቀጥለው ትውልድ ታቆያላችሁ።